እሌኒ ገብረመድኅን

ዶክተር እሌኒ ገብረመድኅን (ሐምሌ 5 ቀን 1956 ዓ.ም. አዲስ አበባ ተወለዱ) የኢትዮጵያ ተወላጅ የምጣኔ ሀብት ባለሙያ፣ የሥራ ፈጣሪና በጀማሪ የቴክኖሎጂ ድርጅቶች ላይ ገንዘብ የሚያፈስ ተቋም መሥራች ናቸው። በይበልጥ የሚታወቁት የኢትዮጵያ ምርት ገበያን በማቋቋምና ከምሥረታው እስከ እ.ኤ.አ. 2012 ድረስ በዋና ሥራ አስፈጻሚነት በመምራት ነው። ከዚያ በኋላ በአፍሪካ አገሮች የምርት ገበያ የሚያቋቁም ኩባንያና በአዲስ አበባ ብሉሙን የተባለውን የጀማሪ ድርጅቶች ማበልጸጊያ መሥርተዋል። እ.ኤ.አ. በ2021 የተባበሩት መንግሥታት የልማት ፕሮግራም የአፍሪካ ቢሮ ዋና የፈጠራ ኃላፊ ሆነው ተሾሙ።

በሥራቸው ሁሉ የሚደጋገመው ሐሳብ ገበያ በራሱ አይቆምም የሚል ነው። የማይተዋወቁ ሰዎች እንዲገበያዩ ሚዛኑን፣ የጥራት ደረጃውን፣ ዋጋውንና ክፍያውን የሚያረጋግጥ ሁለቱም ወገኖች የሚያምኑት ተቋም ያስፈልጋል። ሐሳቡ የተነሣው ከእህል ገበያ ጥናት ቢሆንም ዋናው ፈተና የገጠመው በቡና ንግድ ላይ ነው። የሲዳማ ቡና በሚያልፍባት በሀዋሳ ከተማ የምርት ገበያው መጋዘንና የቡና ቅምሻ ላቦራቶሪ ስላለው፣ የአሠራሩ ጥቅምም ጉድለትም በዚያ አካባቢ ጎልቶ ይታያል።

ልጅነትና ትምህርት

እሌኒ ከአዲስ አበባ ወጥተው ያደጉት በአሜሪካና በተለያዩ የአፍሪካ አገሮች ነው። የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን በኬንያ ሪፍት ቫሊ አካዳሚ በከፍተኛ ውጤት አጠናቀዋል። ከአማርኛ ሌላ እንግሊዝኛ፣ ፈረንሳይኛና ስዋሂሊ ይናገራሉ።

የመጀመሪያ ዲግሪያቸውን ከኮርኔል ዩኒቨርሲቲ፣ ሁለተኛ ዲግሪያቸውን ከሚሺጋን ስቴት ዩኒቨርሲቲ፣ የዶክትሬት ዲግሪያቸውን ደግሞ በተግባራዊ ምጣኔ ሀብት ከስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ አግኝተዋል። በዓለም ባንክ፣ ቀጥሎም በዓለም አቀፉ የምግብ ፖሊሲ ምርምር ተቋም ውስጥ ሠርተዋል። እ.ኤ.አ. በ2004 በዚሁ የምርምር ተቋም በኩል ወደ ኢትዮጵያ ተመለሱ።

የእህል ገበያ ጥናት

የዶክትሬት ጥናታቸው በኢትዮጵያ የእህል ንግድ ላይ ያተኮረ ነበር። በደርግ ዘመን መንግሥት የእህል ዝውውርንና ዋጋን ይቆጣጠር ነበር፤ ቁጥጥሩ የተነሣው በ1982 ዓ.ም. ነው። ብዙ ባለሙያዎች ቁጥጥሩ ከተነሣ ገበያው በራሱ ይስተካከላል ብለው ይጠብቁ ነበር። እሌኒ የጠየቁት ግን ነጋዴዎቹ በተግባር እንዴት እንደሚገበያዩ ነው።

ጥናቱ ያሳየው ነጋዴው የሚገበያየው ከጥቂት ከሚያውቃቸው ሰዎች ጋር መሆኑን ነው። እህሉ የታወቀ የጥራት ደረጃ ስለሌለው ገዢው ሳያይ አይገዛም፤ የተከዳ ነጋዴ በፍርድ ቤት ቶሎ መፍትሔ ስለማያገኝም ለማያውቀው ሰው በዱቤ አይሸጥም። ይህን ክፍተት የሚሞላው ደላላው ነበር። በአዲስ አበባ እህል በረንዳ የተቀመጠ ደላላ በሩቅ ከተማ ላለ ነጋዴ ገዢ ይፈልግለታል፣ ዋጋ ይነግረዋል፣ ስለ ሁለቱም ወገኖች ታማኝነት በስሙ ይቆማል። በዚህ ጥናት ደላላው ንግዱን የሚያጣብቅ ጥገኛ ሳይሆን የጎደለውን ተቋም የሚተካ ሰው ሆኖ ቀርቧል። ሆኖም አንድ ደላላ ሊያውቃቸው የሚችላቸው ሰዎች ቁጥር የተወሰነ ስለሆነ ገበያውም በዚያው ልክ ጠባብ ይሆናል። ሥራው እ.ኤ.አ. በ2001 በምርምር ተቋሙ በመጽሐፍ መልክ ታትሟል።

ችግሩን ያጎላው በ1990ዎቹ ዓመታት መጀመሪያና አጋማሽ የሆነው ነው። በ1993 እና በ1994 ዓ.ም. ጥሩ ምርት በመገኘቱ የበቆሎ ዋጋ እጅግ ወደቀ፤ ለማዳበሪያ የተበደረው ገበሬ ብድሩን መክፈል አቃተው። ወዲያው በ1995 ዓ.ም. ድርቅ ሲከተል ከ13 ሚሊዮን የሚበልጥ ሕዝብ የምግብ ዕርዳታ ጠባቂ ሆነ። ትርፍ ምርትና ረሃብ በአንድ አገር በተከታታይ ዓመታት መታየታቸው ችግሩ የምርት ብቻ ሳይሆን የገበያም ነው ለሚለው የእሌኒ ክርክር ዋና ማስረጃ ሆነ። እ.ኤ.አ. በሰኔ 2007 በታንዛኒያ አሩሻ በተካሄደው የቴድ ጉባኤ ላይ ለኢትዮጵያ የምርት ገበያ እንደሚያስፈልግ ያቀረቡት ንግግር ሐሳቡን በዓለም ዙሪያ አስተዋወቀው። በምሳሌነት የሚጠቅሱት እ.ኤ.አ. በ1848 የተቋቋመውን የቺካጎ የእህል ገበያ ነው።

የኢትዮጵያ ምርት ገበያ

የኢትዮጵያ ምርት ገበያ በአዋጅ ቁጥር 550/1999 ተቋቋመ፤ ተቆጣጣሪው ባለሥልጣን ደግሞ በአዋጅ ቁጥር 551/1999። ግብይት የተጀመረው በሚያዝያ 2000 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ሲሆን የመጀመሪያዎቹ ምርቶች እህሎች ነበሩ። ኋላ ቡና፣ ሰሊጥና ነጭ ቦሎቄ ተጨመሩ።

አሠራሩ በአምስት ነገሮች ላይ የቆመ ነው።

ደረጃ፦ ምርቱ በላቦራቶሪ ተመርምሮ ደረጃ ይሰጠዋል። ገዢው የሚገዛው ዓይነቱንና ደረጃውን እንጂ የአንድን ሰው ጆንያ አይደለም።

መጋዘን፦ ምርቱ ተመዝኖ በገበያው መጋዘን ይገባል፤ ባለቤቱም ደረሰኝ ያገኛል። የሚሸጠው ይህ ደረሰኝ ነው።

ግብይት፦ አባል የሆኑ ተገበያዮች በግብይት ወለሉ ላይ ፊት ለፊት ቆመው ዋጋ ይጣሩ ነበር፤ ሲስማሙ እጅ ለእጅ ይመቱ ነበር። ይህ በድምፅ የሚደረግ ግብይት እ.ኤ.አ. ከ2015 ጀምሮ በኮምፒውተር ግብይት ተተክቷል።

ክፍያ፦ ገዢው ገንዘቡን አስቀድሞ በባንክ ሒሳብ ማስቀመጥ አለበት። ሻጩ በማግስቱ ይከፈለዋል።

መረጃ፦ የዕለቱ ዋጋ በገጠር ከተሞች በተተከሉ የኤሌክትሮኒክ ሰሌዳዎች፣ በሬዲዮ፣ በአጭር የስልክ መልእክትና በ929 የድምፅ መስመር ይሠራጫል።

በጊዜው በኢትዮጵያ የሞባይል ስልክ ገና እየተስፋፋ የነበረ ሲሆን የኢንተርኔት አገልግሎት በጥቂት ከተሞች የተወሰነ ነበር። የምርት ገበያው በዚህ ሁኔታ መጋዘንን፣ ባንክንና የግብይት ወለልን በአንድ የመረጃ ሥርዓት ማገናኘቱ በአገሪቱ ከታዩት ቀደምት ትላልቅ የቴክኖሎጂ ሥራዎች አንዱ ያደርገዋል። በጥቂት ዓመታት ውስጥ የተገበያየው ምርት ዋጋ ከ1 ቢሊዮን የአሜሪካ ዶላር በላይ ሆነ።

ይሁን እንጂ ገበያው የታሰበለት እህል በብዛት አልገባበትም። በቆሎና ስንዴ ዋጋቸው ዝቅተኛ፣ ሸማቻቸውም በየቦታው ስለሆነ ነጋዴው በቀድሞው መንገድ መሥራቱን ቀጠለ። የምርት ገበያው ዋና ሥራ ወደ ውጭ የሚላኩት ቡናና ሰሊጥ ሆኑ፤ ለዚህም ምክንያቱ በሕግ በዚያ በኩል እንዲሸጡ መደረጋቸው ነው።

ሀዋሳና የሲዳማ ቡና

ከ1964 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ የኢትዮጵያ ቡና የሚሸጠው በአዲስ አበባና በድሬዳዋ በሚካሄድ ጨረታ ነበር። ከሲዳማ የተጫነ ቡና ናሙናው ተቀምሶ ደረጃ የሚሰጠው አዲስ አበባ ከደረሰ በኋላ ነው። አቅራቢው ቡናው እስኪቀመስ፣ እስኪሸጥና ገንዘቡ እስኪገባ ድረስ ይጠብቃል፤ መኪናውም ከነጭነቱ ይቆማል። በ2000 ዓ.ም. የወጣው የቡና ጥራት ቁጥጥርና ግብይት አዋጅ ቁጥር 602/2000 ጨረታውን ወደ ምርት ገበያው እንዲዛወር መንገድ ከፈተ፤ የቡና ግብይትም በ2001 ዓ.ም. ተጀመረ። የኅብረት ሥራ ዩኒየኖችና ሰፋፊ እርሻ ያላቸው አልሚዎች ግን ቡናቸውን በቀጥታ ወደ ውጭ እንዲልኩ ተፈቅዶላቸዋል። የሲዳማ ቡና ገበሬዎች ኅብረት ሥራ ዩኒየን በዚህ መንገድ ከሚሠሩት አንዱ ነው።

በአዲሱ አሠራር ምርመራው ወደ ምርቱ አካባቢ ወረደ። ሀዋሳ፣ ዲላ፣ ወላይታ ሶዶ፣ ጅማ፣ በደሌ፣ ጊምቢ፣ ቦንጋና ድሬዳዋ የምርመራና የመጋዘን ማዕከላት ሆኑ። ከአለታ ወንዶ፣ ከዳሌ ወይም ከበንሳ የተነሣ ቡና ሀዋሳ ሲደርስ ናሙና ይወሰድለታል። ቀማሾቹ የማን ቡና እንደሆነ እንዳያውቁ ናሙናው በመለያ ቁጥር ይቀርባል። ከመቶው 40 ነጥብ የሚሰጠው ለፍሬው ገጽታና ለጉድለቱ ሲሆን 60ው ለስኒው ጣዕም ነው። ከዚያ ቡናው ተመዝኖ መጋዘን ይገባል፤ አዲስ አበባ በሚደረገው ግብይት በፈረሱላ፣ ማለትም በ17 ኪሎ፣ በተጠራ ዋጋ ይሸጣል። ኋላም ሀዋሳ ላይ የኤሌክትሮኒክ ግብይት ማዕከል ስለተከፈተ ተገበያዩ አዲስ አበባ ሳይሄድ መሸጥ ችሏል።

ለአቅራቢው ለውጡ ቀላል አልነበረም። ደረጃውን የሚወስነው ገዢው ሳይሆን ሦስተኛ ወገን ሆነ፤ ክፍያው አልዘገየም፤ የዕለቱን ዋጋም ከላኪው እኩል ማወቅ ቻለ። ብዙውን ጊዜ እሸት ቡናውን ለመፈልፈያ ጣቢያ ወይም ለሰብሳቢ የሚሸጠው አርሶ አደር ደግሞ ሰሌዳው ላይ ባየው ወይም በስልክ በሰማው ዋጋ መከራከር ቻለ፤ ምንም እንኳ እርሱ ራሱ የምርት ገበያው ተገበያይ ባይሆንም።

ክርክርና ትችት

የቡናው ስም

በምርት ገበያው አሠራር ላይ የቀረበው ትልቁ ትችት የቡናውን ትክክለኛ መነሻ አጠፋ የሚል ነው። የጥራት ደረጃው የተሠራው አንዱን ጆንያ በሌላው ለመተካት እንዲቻል ነው። ስለዚህ መጋዘን የገባ ቡና የሚታወቀው «የታጠበ ሲዳማ» በሚል ዓይነትና በደረጃ ቁጥሩ ብቻ ሆነ፤ የጣቢያው፣ የቀበሌውና የአምራቹ ስም ከጆንያው ጋር አልሄደም። በስንዴ ንግድ ይህ ችግር አይደለም። በባለልዩ ጣዕም ቡና ንግድ ግን ገዢው ብዙ ገንዘብ የሚከፍለው ቡናው ከየትኛው ጣቢያና ከፍታ እንደመጣ ሲያውቅና በየዓመቱ ያንኑ ማግኘት ሲችል ነው። በአውሮፓ፣ በአሜሪካና በጃፓን ያሉ ቆዪዎች ከአንድ የሲዳማ ወይም የይርጋጨፌ ጣቢያ ጋር የጀመሩት ግንኙነት ተቋረጠ።

ጊዜውም ክርክሩን አባባሰው። በ1999 ዓ.ም. ኢትዮጵያ ሲዳሞ፣ ይርጋጨፌና ሐረር በሚሉት ስሞች ባለቤትነት ላይ ከስታርባክስ ጋር ስምምነት ላይ ደርሳ ነበር። አገሪቱ የአካባቢ ስም ገንዘብ መሆኑን በዓለም ፊት ተከራክራ ባስመሰከረች ማግስት፣ በአገር ውስጥ ያለው ሕግ ከአካባቢ የጠበበውን ስም የሚደመስስ ሆነ።

የምርት ገበያው ደጋፊዎች በበኩላቸው የቀድሞው ቀጥታ ግንኙነት የጠቀመው ከውጭ ገዢ ጋር የሚነጋገሩበት ቋንቋና ትውውቅ ያላቸውን ጥቂቶች እንደነበረ፣ አብዛኛው አምራች ግን የቡናውን ዋጋም ደረጃም ሳያውቅ ይሸጥ እንደነበረ ያስረዳሉ። ችግሩን ለማቃለል የምርት ገበያው እ.ኤ.አ. በ2010 የባለልዩ ጣዕም ቡና ቀጥታ ግብይት የተባለ አሠራር ጀመረ። ይህ ግን ከጠቅላላው ቡና ትንሹን ክፍል ብቻ የነካ ነበር። መሠረታዊው ለውጥ የመጣው እሌኒ ከለቀቁ ከዓመታት በኋላ በአዋጅ ቁጥር 1051/2009 ነው፤ አዋጁ የቡናው መነሻ ተጠብቆ እንዲሸጥና አቅራቢዎችም በቀጥታ ወደ ውጭ እንዲልኩ በር ከፈተ። ከዚያ ወዲህ የሲዳማ ጣቢያዎች ስም እንደገና በጆንያዎች ላይ መታየት ጀምሯል፤ በምርት ገበያው የሚያልፈው የቡና ድርሻም ቀንሷል።

የመንግሥት ሚና

ሁለተኛው ትችት ተቋሙ ከመንግሥት ጋር ያለውን ቅርበት ይመለከታል። ተገበያዮቹ የግል ነጋዴዎች ቢሆኑም ባለቤቱ መንግሥት ነው፤ ቡናንም በግዴታ ወደ ገበያው ያስገባው ሕግ ነው። በ2001 ዓ.ም. አጋማሽ መንግሥት ቡና አከማችተው ይዘዋል ያላቸውን ስድስት ትላልቅ ላኪዎች ፈቃድ መንጠቁ ይህን ጥያቄ አጉልቶታል። ነጻ ገበያ በአስገዳጅ ሕግ ሊቋቋም ይችላል ወይ የሚለው ክርክር እስካሁን በባለሙያዎች መካከል አለ።

ከምርት ገበያ በኋላ

እሌኒ የምርት ገበያውን እ.ኤ.አ. በ2012 ለቀቁ። በሚቀጥለው ዓመት በስማቸው የተሰየመ ኩባንያ መሠረቱ። ኩባንያው የኢትዮጵያን ልምድ ወደ ሌሎች የአፍሪካ አገሮች ለመውሰድ የታሰበ ሲሆን ከዓለም ባንክ ቡድን የግል ዘርፍ ተቋም፣ ከሞርጋን ስታንሊና ኤይት ማይልስ ከተባለው የአፍሪካ ኢንቨስትመንት ድርጅት ድጋፍ አግኝቷል። ከሠራባቸው አገሮች አንዷ ጋና ናት፤ የጋና ምርት ገበያ እ.ኤ.አ. በኅዳር 2018 ተከፍቷል።

ብሉሙን

በ2009 ዓ.ም. እሌኒ በአዲስ አበባ ብሉሙን የተባለውን ድርጅት አቋቋሙ። ድርጅቱ በመጀመሪያ ያተኮረው በግብርናና በምግብ ሥራ ላይ የተሠማሩ ወጣቶችን በመደገፍ ላይ ሲሆን ቆይቶ ሌሎች የቴክኖሎጂ ዘርፎችንም አካተተ። ተወዳድረው የተመረጡ ጀማሪዎች ለጥቂት ወራት በአንድ ቦታ ይሠለጥናሉ፣ ምርታቸውን ይፈትሻሉ፣ ከአማካሪዎችና ከገንዘብ ሰጪዎች ጋር ይገናኛሉ። ብሉሙን አነስተኛ የመነሻ ገንዘብ ይሰጣቸዋል፤ በምትኩም ከድርጅታቸው ድርሻ ይወስዳል።

የዚህ አሠራር ልዩነት ከባንክ ብድር ጋር ሲነጻጸር ይታያል። የኢትዮጵያ ባንክ ለማበደር ብዙውን ጊዜ ቤት ወይም ተሽከርካሪ በዋስትና ይጠይቃል፤ ሐሳብ ብቻ ያለው ወጣት ግን ይህ የለውም። ድርሻ የሚወስድ ባለሀብት በአንጻሩ የሚያገኘው ድርጅቱ ሲያድግ ነው፤ ድርጅቱ ከከሰረ ግን የከፈለውን ያጣል። ስለዚህ ከብዙ ድርጅቶች ጥቂቶቹ ብቻ እንደሚሳካላቸው አስቦ ገንዘቡን ይበትናል።

ይህን በኢትዮጵያ ለመሥራት ብዙ እንቅፋት ነበረ። ኢንተርኔት እስከ 2014 ዓ.ም. ድረስ በአንድ የመንግሥት ድርጅት ብቻ ይቀርብ ነበር። የውጭ ምንዛሪ እጥረት የውጭ ባለሀብት ትርፉን ይዞ እንዳይወጣ ያሰጋል። የአክሲዮን ገበያ ስላልነበረም ባለሀብቱ ድርሻውን ለማን እንደሚሸጥ አያውቅም። የ1952ቱ የንግድ ሕግ ለእንዲህ ዓይነት ድርጅቶች አልተመቸም፤ በአዋጅ ቁጥር 1243/2013 የወጣው አዲሱ ሕግ አንድ ሰው ብቻውን ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር እንዲያቋቁም መፍቀዱ ከለውጦቹ አንዱ ነው።

ቲምቡክቱ

በተባበሩት መንግሥታት የልማት ፕሮግራም ውስጥ እሌኒ ከመሩት ሥራ ዋነኛው ቲምቡክቱ የተባለው ዕቅድ ሲሆን እ.ኤ.አ. በጥር 2024 በስዊዘርላንድ ዳቮስ ይፋ ሆኗል። ዓላማው ለአፍሪካ ጀማሪ ድርጅቶች ከመንግሥትና ከግል ምንጮች 1 ቢሊዮን ዶላር ማሰባሰብ ነው። መነሻው በአህጉሩ ለጀማሪዎች ከሚፈሰው ገንዘብ አብዛኛው ወደ ናይጄሪያ፣ ኬንያ፣ ግብፅና ደቡብ አፍሪካ ብቻ መሄዱ ነው። በዕቅዱ ዩኒቨርሲቲዎች ውስጥ ተማሪዎች የፈጠራ ሥራቸውን የሚሠሩባቸው ማዕከላት ይከፈታሉ፤ በተመረጡ ከተሞች ደግሞ በየዘርፉ የተለዩ ማዕከላት ይቋቋማሉ።

ዋና ዋና ሐሳቦች

ገበያ ተቋም ነው፦ ዋጋን ነጻ ማድረግ ብቻውን ገበያን አይፈጥርም። ደረጃ፣ መጋዘን፣ የክፍያ ዋስትናና ሕግ አብረው መቆም አለባቸው። አንዱ ሲጎድል ሌላውም አይሠራም።

መረጃ የመደራደር አቅም ነው፦ ዋጋ የማያውቅ ሻጭ የሚሸጠው ገዢው በነገረው ዋጋ ነው። ስለዚህ የዋጋ ሰሌዳና የስልክ መስመር የገበያው አካል እንጂ ጌጥ አይደሉም።

እምነት ከሰው ወደ ሥርዓት ይሸጋገራል፦ ደላላው በስሙ የሚሰጠውን ዋስትና ተቋሙ በአሠራሩ ሲሰጥ ገበያው ከትውውቅ ክልል ይወጣል። የሲዳማ ቡና ታሪክ ለዚህ ሐሳብ ወሰንም አሳይቷል፤ ሻጭና ገዢ እንዳይተዋወቁ ማድረግ አድልዎን የሚከላከል ቢሆንም መልካም ስም ያለውን አምራች ስሙን ያሳጣዋል።

ወጣቱ ከሥልጠና ሌላ ካፒታል ያስፈልገዋል፦ ብሉሙንም ቲምቡክቱም የተመሠረቱት የችግሩ ግማሽ ውድቀትን አብሮ የሚሸከም ገንዘብ አለመኖሩ ነው በሚል ግምት ነው።

ሽልማትና ዕውቅና

የዶክትሬት ጥናታቸው ከአሜሪካ የግብርና ምጣኔ ሀብት ማኅበር ሽልማት አግኝቷል። እ.ኤ.አ. በ2012 ከሩዋንዳዊቷ አግነስ ካሊባታ ጋር የያራ ሽልማትን ተቀብለዋል። የምርት ገበያውን አመሠራረት የሚያሳይ «ዘ ማርኬት ሜከር» የተሰኘ ዘጋቢ ፊልም እ.ኤ.አ. በ2009 በአሜሪካ ቴሌቪዥን ቀርቧል።